ቀን የሚበርድ ቤት

ከአዲስ አበባ ወደ ስቶክሆልም የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው በረዶው አይደለም። በረዶውን አስቀድሞ ሰምቶታል፤ ጃኬቱንም ገዝቶ ነው የሚመጣው። የሚገርመው የቤቱ ውስጥ ነው። ውጭው ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ሕፃናት ሳሎን ውስጥ በካናቴራና በባዶ እግራቸው ይሯሯጣሉ። እኛ አገር የሐምሌ ብርድ ሰውን ተከትሎ ቤት ይገባል፤ ጋቢ እንደርባለን፣ ከሰል እናያይዛለን፣ በጊዜ እንተኛለን። እዚህ ብርዱ በር ላይ ይቀራል። ማሞቂያው ከኪራዩ ጋር ተደምሮ ስለሚከፈል ደግሞ ለብቻው ሒሳብ አይመጣም፤ ስለዚህ ሙቀቱ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል ቤቱ እንደሚደርስ አብዛኛው ተከራይ አያስብም።

እኔም ማሰብ የጀመርኩት አንድ ክረምት ሙቀቱ የጠፋ ጊዜ ነው።

የምንኖረው ሁስቢ ነው፤ በሰማያዊው የምድር ባቡር መስመር ከሺስታ ቀጥሎ ያለው ጣቢያ። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1974 ባሉት ዓመታት የመኖሪያ ቤት ችግሯን ለማቃለል አንድ ሚሊዮን ቤት እሠራለሁ ብላ ተነሥታ ሠርታዋለች። ሁስቢም፣ ሪንከቢም፣ ቴንስታም የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው፤ ከሐበሻውም ብዙ ሰው በእነዚህ ሰፈሮች ይኖራል። ቤቶቹን እወዳቸዋለሁ። ሰፋፊ ናቸው፣ ብርሃን በደንብ ይገባቸዋል፣ መኪና የማይደርስበት የልጆች መጫወቻ አላቸው። ነገር ግን አብዛኞቹ የታቀዱት ነዳጅ ርካሽ በነበረበት ጊዜ ስለሆነ ግድግዳቸው ሙቀት ይዞ የማቆየት አቅሙ ደካማ ነው። ማሞቂያው ትንሽ ከተዛባ ወዲያው ይታወቃል።

በዚያ ክረምት እናቴ ለገና ልትጠይቀን መጣች። የደብረ ብርሃን ሰው ናት። ብርድ ልብስ ከሚሠራበት ከተማ የመጣች፣ በመንዝ ባና ተጠቅልላ ያደገች ሴት ቤት ውስጥ ይበርዳታል ብሎ ማን ያስባል? ጥምቀት አለፍ እንዳለ ግን ሁለት ሹራብ ደራርባ፣ በላዩ ጋቢ ለብሳ፣ እጇን እብብቷ ከትታ ሶፋው ጥግ ተቀምጣ አገኘኋት።

«እማዬ፣ በርዶሻል እንዴ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! ይሄ ደግሞ ብርድ ይባላል?»

«እጅሽን እስቲ።» እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

«ልጄ፣ ሥራ ውለህ ደክሞህ ስትገባ በረደኝ ብዬ ላሳቅቅህ?»

የማሞቂያውን ብረት፣ ኤለመንቱን፣ ዳሰስኩት፤ ለብ ብሏል። ሙሉ በሙሉ ቢቀዘቅዝ ተበላሽቷል ይባል ነበር፤ ይህ ግን የሚሠራ ይመስላል። ማግስቱን ቴርሞሜትር ገዝቼ ሳሎኑ መሀል አስቀመጥኩት። 16 ተኩል አለ። የስዊድን የሕዝብ ጤና ተቋም መመሪያ መኖሪያ ቤት ከ18 ዲግሪ በታች ከሆነ ለጤና ያሰጋል ብሎ መመርመር እንዳለበት ይገልጻል፤ አረጋውያንና ሕመምተኞች ያሉበት ቤት ሲሆን ወሰኑ ወደ 20 ከፍ ይላል። እናቴ ሰባን አልፋለች።

የአከራዩን ድርጅት የብልሽት ማሳወቂያ ስልክ ደወልኩ። ያነጋገረችኝ ልጅ በትሕትና መዘገበችና ኮምፒውተሯን ተመልክታ «ሲስተሙ በሕንጻችሁ ምንም ብልሽት አያሳይም» አለችኝ። ያን ዓረፍተ ነገር በዚያ ክረምት ደጋግሜ ሰማሁት። ልጅቷ አልዋሸችም፤ ሲስተሙ በእውነትም ምንም አያሳይም ነበር።

እናቴ ደግሞ በበኩሏ እሳቱን ትፈልግ ነበር። «ለመሆኑ ይሄ ሁሉ ቤት የሚሞቀው እሳቱ የት እየነደደ ነው?» አለችኝ አንድ ምሽት። የማውቀውን ነገርኳት። ስቶክሆልም ከስምንት መቶ ሺህ በላይ ሰው በከተማ ማሞቂያ የሚሞቅባት ከተማ ናት፤ ትኩስ ውሃ በመንገዱ ሥር በተቀበረ ቱቦ ይዞራል። ቬርታን ወደብ አጠገብ ያለው ጣቢያ ከደን የተረፈ እንጨት ፈጭቶ ያነዳል፤ የድንጋይ ከሰሉ እ.ኤ.አ. በ2020 ቆሟል። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1974፣ ኦጌስታ በሚባል ቦታ አለት ውስጥ የተሠራ ትንሽ የኑክሌር ጣቢያ ፋርስታ የሚባለውን ሰፈር ያሞቅ ነበር። ሃማርቢ ያለው ጣቢያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በትላልቅ ሂት ፓምፖች ከተጣራ የፍሳሽ ውሃ ላይ ሙቀት እየቀዳ ለከተማው ይሰጣል።

«ከምን አልከኝ?»

«ከፍሳሽ፤ ግን ውሃው አይደለም የሚመጣው፣ ሙቀቱ ብቻ ነው።»

አማተበችና ትንሽ ዝም አለች። ቆይታ «መቼም የፍልውሃን አያህልም» አለች። ይህን ስትል እቴጌ ጣይቱ ትዝ አሉኝ። የእንጦጦን ብርድ ትተው ወደ ፍልውሃ ባይወርዱ ኖሮ አዲስ አበባ ዛሬ ባለችበት ቦታ ባልተቆረቆረች ነበር። ሙቅ ውሃ ከመሬት የሚፈልቅበትን ቦታ መርጦ ከተማ መቆርቆር የእኛም ታሪክ ነው።

ወደ ቤቴ ልመለስ። ጥገና ሠራተኛው ሳይናገር የመጣው የሚካኤል ዕለት ነው። እናቴ ዝክር አለብኝ ብላ ሰፈሩን ሁሉ ጠርታለች። ምጣዱ ከጠዋት ጀምሮ ሲጋገርበት ውሏል፣ ዶሮው ሁለት ምድጃ ይዟል፣ ቡናው ተቆልቶ ዕጣኑ ቤቱን ሞልቶታል፤ ደርዘን የሚሆን ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ሰውየው መሣሪያውን አውጥቶ ሳሎኑ መሀል ያዘው። 21 ተኩል። የኤለመንቱን አየር አስተነፈሰ፣ ቫልቩን አላወሰ፣ የቀረበለትን ቡና በደስታ ጠጣ፣ «ትክክለኛ ሙቀት» ብሎ ጽፎ ሄደ። ቤቱ በዚያ ሰዓት በእውነት ይሞቅ ነበር። አንድ የተቀመጠ ሰው ብቻውን 100 ዋት ገደማ ሙቀት ይሰጣል፤ አሥራ ሁለት ሰው ከአንድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አይተናነስም፤ ምጣዱና ምድጃው ሳይቆጠር ነው።

እዚሁ ስቶክሆልም ይህንኑ የሰው ሙቀት ሥራ ላይ ያዋሉ አሉ። በማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ በየቀኑ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር መንገደኛ ያልፋል፤ ከሰዉ ገላ የሚወጣውን ሙቀት ከአየር ማናፈሻው ላይ ሰብስበው ወደ ውሃ ያሳልፉና ጎን ያለውን ኩንግስብሮሁሴት የተባለ የቢሮ ሕንጻ በከፊል ያሞቁበታል። ሕንጻው እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተ ነው። እዚያ ተለክቶና ታስቦ የተሠራው ነገር እኛ ቤት ግን ማስረጃችንን አጠፋብን። ቅሬታችን «ተፈትቷል» ተብሎ ተዘጋ። እንግዶቹ ሲወጡ ሙቀቱ አብሯቸው ወጣ፤ ማታውን እናቴን በሁለት ብርድ ልብስ ሸፍኜ አስተኛኋት።

ቁልፉን ያገኘችው እሷ ናት። ሌሊት ለጸሎት ትነሣለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ እንደዚያው ነው። አንድ ቀን ቁርስ ላይ «ይሄ ቤታችሁ ነገሩ የተገለበጠ ነው። ሌሊት ለጸሎት ስነሣ ያ ብረት እጅ ያቃጥላል፤ እናንተ ከሥራ በምትገቡበት ሰዓት ደግሞ ይበርዳል» አለች። ተኝተን ስለምናድር የሌሊቱን ሙቀት እኔም ባለቤቴም አናውቀውም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓትና ዲግሪ ደብተር ላይ መጻፍ ጀመርን፤ የሌሊቱን እሷ፣ የቀኑን እኛ። ነገሩ ግልጽ ብሎ ወጣ። ከጠዋቱ በኋላ ኤለመንቱ ይቀዘቅዛል፤ ማታ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ቀስ በቀስ ይሞቃል።

ደብተሩን ይዤ ከላይኛው ፎቅ ወደሚኖሩት ጋሼ ሄድኩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የስቶክሆልምን ሕንጻዎች ምድር ቤት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ገጾቹን አገላበጡና የጠየቁኝ ስለ ኤለመንቱ አልነበረም።

«ማታ አራት ሰዓት ላይ እዚህ ግቢ ውስጥ የሚዘጋው ምንድን ነው?»

«የጋራ ልብስ ማጠቢያው ነዋ።»

«ጫማህን አድርግ» አሉኝ።

የቤቱ ሰሜናዊ ግድግዳ ላይ፣ ከመሬት ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብላ፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል ግራጫ የፕላስቲክ ሳጥን ተሰክታለች። ብዙ ዓመት አልፌባት አላየኋትም። ከሥሯ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የታደሰው የልብስ ማጠቢያ ክፍል አዲስ የማድረቂያ ቱቦ አፉን ወደ ውጭ አውጥቷል። ነጭ እንፋሎት እየተትጎለጎለ በግድግዳው ላይ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሳጥኗን ሸፍኗታል። ሌላው የግድግዳው ክፍል አመዳይ ለብሷል፤ የሳጥኗ ዙሪያ ግን እርጥብ ነው፣ ጠብ ጠብ ይላል። የሳሙናው ሽታ አፍንጫ ላይ ይደርሳል። በእጄ የያዝኩት ቴርሞሜትር ከዜሮ በታች 9 ይላል። ጋሼ ጓንታቸውን አውልቀው እጃቸውን ሳጥኗ ላይ አሳረፉ።

«ይቺ በጋ ላይ ናት» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሕንጻው መቆጣጠሪያ እያንዳንዱ ቤት ውስጥ ስንት ዲግሪ እንደሆነ አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ውጭው ስንት ነው? ውጭው በበረደ ቁጥር ወደ ኤለመንቶቹ የሚልከውን ውሃ የበለጠ ያሞቀዋል፤ ውጭው ሲለዝብ ያቀዘቅዘዋል። የውጭውን የምትነግረው ያቺ ሳጥን ናት። በሰሜን በኩል የምትሰቀለውም ፀሐይ እንዳታታልላት ነው። ማድረቂያዎቹ ሲሠሩ የአንድ ሙሉ ሕንጻ ማሞቂያ ፀደይ የገባ ይመስለዋል። ክፍሉ ማታ ሲዘጋ ደግሞ በድንገት ክረምት ይሆንበትና ማንም በማይፈልገው ሰዓት ሙቀቱን ይለቃል።

ፎቶ አነሣሁ፤ ሳጥኗን፣ እንፋሎቱን፣ ቴርሞሜትሬን በአንድ ላይ። ከደብተሩ ቅጂ ጋር ለአከራዩ ላክሁት። በዚህ ጊዜ የመጣችው ወጣት ቴክኒሽያን ናት፤ ወደ ቤታችን ሳትገባ በቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። እኔና ጋሼ ተከተልናት። ሁለት ወፋፍራም ቱቦ ከከተማው ገብቶ ሙቀት አስተላላፊው ላይ ይደርሳል፤ የሕንጻው ውሃ በሌላ በኩል ሙቀቱን ተቀብሎ ይወጣል። ፓምፑ ድምፁ የማይሰማ ያህል ነው። የመቆጣጠሪያውን ስክሪን ነካችው። «የውጭ ሙቀት፦ 7» ይላል። ከዜሮ በላይ 7! ወደ ኤለመንቶች የሚሄደው ውሃ 34 ዲግሪ ነው፤ በእንደዚያ ያለ ቀን ከ50 ማለፍ ነበረበት። የማስጠንቀቂያው መብራት አረንጓዴ ነው። ፓምፑ ቢቆም፣ የሳጥኗ ሽቦ ቢበጠስ ቀይ ይበራ ነበር። ሁሉም ነገር ግን የታዘዘውን በትክክል እየፈጸመ ነው፤ ትእዛዙ ነበር ሐሰት።

ቀጥላ በላፕቶፗ የሕንጻውን የሙቀት ፍጆታ ግራፍ ከፈተች። አንድ ሰዓት፣ አንድ ነጥብ። ማድረቂያው ከተተከለበት ሳምንት ጀምሮ መስመሩ ቀን ቀን ይወድቃል፣ ማታ አራት ሰዓት ላይ ይነሣል። እናቴ በሌሊት እጇን ብረቱ ላይ አድርጋ የደረሰችበት ነገር በሙሉ እዚያ ተመዝግቦ ተቀምጧል። ያየው ሰው ግን የለም።

ይህ የኛ ሕንጻ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ለወግ አላበቃውም ነበር። የሃልምስታድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ሄንሪክ ጋድና ስቬን ቬርነር በሁለት የስዊድን ከተማ ማሞቂያዎች ውስጥ ያሉ የ135 ሕንጻ ማሞቂያ ክፍሎችን የአንድ ዓመት የየሰዓት ንባብ ወስደው መረመሩ፤ ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ከክፍሎቹ በ74 በመቶው ላይ አንድ ዓይነት ጉድለት አገኙ። የሙቀት አጠቃቀሙ ከሕንጻው ሥራ ጋር የማይሄድ አለ፤ መቆጣጠሪያው የሚዋዥቅ አለ፤ ከተማው የላከው ትኩስ ውሃ ሙቀቱን ሳይሰጥ እንደገባ የሚመለስበትም አለ። ለዚህ ሁሉ አዲስ መሣሪያ አልገዙም። ለሒሳብ ተብሎ የተተከለው ቆጣሪ የሚልከውን ቁጥር ነው ያነበቡት።

የኛንም ሕንጻ ኮምፒውተር ቢያነበው በመጀመሪያው ቀን ይይዘው ነበር። የሳጥኗን 7 ዲግሪ የስዊድን ሜትሮሎጂ ተቋም ለስቶክሆልም ከሚያወጣው ቁጥር ጋር ማስተያየት ይበቃል። ወይም ከማዶ ካለው ሕንጻ ሳጥን ጋር። ወይም ካለፈው ዓመት ጋር፤ ይህ ሕንጻ ከዜሮ በታች 9 ሲሆን ይህን ያህል ሙቀት ይወስድ ነበር፣ ዛሬ ለምን ግማሹን ብቻ ወሰደ ብሎ መጠየቅ። ከዚህ የረቀቀውም አለ። የንጉሣዊው የቴክኖሎጂ ተቋም ኬቲኤች በግቢው ተማሪዎች የሚኖሩባቸውን ቤቶች ላይቭ ኢን ላብ ብሎ በሴንሰር ሞልቶ ያጠናል። የሁስቢ ሕንጻ ግን ያን ያህል መራቀቅ አያስፈልገውም። ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃዋል። ያን ጊዜ የተናደድኩት ለዚህ ነው፤ ከእኛ አንድ ጣቢያ ወረድ ብሎ ሺስታ የኤሪክሰን ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት የቴክኖሎጂ ሰፈር ነው።

ጋሼ ግን ወደ ቤት ስንመለስ ሌላ ነገር ነገሩኝ፤ ከሁሉም ይበልጥ በልቤ የቀረው እሱ ነው። «እናንተ ዕድለኞች ናችሁ፤ ብልሽታችሁ በብርድ በኩል መጣ» አሉ። ሳጥኗ በተቃራኒው ብትሳሳት፣ በጋ ሆኖ ሳለ ክረምት ነው ብትል፣ ማን ይደውል ነበር? ቤቱ ይሞቃል፣ ሰው መስኮት ይከፍታል፣ ያልፋል። እንደዚያ ሆኖ ዓመታት የሚቀጥል ሕንጻ ብዙ አይተዋል። ቤቱን በአንድ ዲግሪ ማሞቅ የማሞቂያውን ኃይል በ5 በመቶ ገደማ ይጨምረዋል፤ ሁለት ሦስት ዲግሪ ለመስኮት ሲሰጥ የሚባክነውን ማስላት አይከብድም። ገንዘቡም ዞሮ ዞሮ ኪራይ ውስጥ ይገባል።

ቢሮዎች ደግሞ ይብሳሉ አሉኝ። ስቶክሆልም እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በቱቦ ቀዝቃዛ ውሃም ታከፋፍላለች፤ አንድ ሕንጻ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ሁለቱንም ከውጭ ሊቀበል ይችላል። አንድ የሐምሌ ቀን ጋሼ አየር ማናፈሻ ክፍል ገብተው እንደ ልማዳቸው ቱቦውን በእጃቸው ሲዳስሱ ሊዘጋ የሚገባው የማሞቂያ ቱቦ ትኩስ ሆኖ አገኙት። ቫልቩ እንደተከፈተ ተጣብቆ ቀርቷል። ማሞቂያው አየሩን ያሞቃል፣ አጠገቡ ያለው ማቀዝቀዣ ያንኑ አየር መልሶ ያቀዘቅዛል፤ ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው 22 ዲግሪ ይሰማዋል፣ ምንም ቅር አይለውም። ሁለት ሒሳብ እየተከፈለ ማንም አልበረደውም፣ ማንም አልሞቀውም። እንዲህ ያለውን ብልሽት የሚያገኘው ወይ እንደ ጋሼ በእጁ የሚዳስስ ሰው፣ ወይ ቁጥሩን ቀን ከሌት የሚያይ ፕሮግራም ነው። እንደ ጋሼ ያለው ሰው እየቀነሰ ነው፤ አንድ ሠራተኛ ብዙ ሕንጻ ይዞ ይዞራል።

ፕሮግራሙም ብቻውን አይበቃም። ለትንሹም ለትልቁም የሚጮኽ ከሆነ ሰው ይሰለቸውና ድምፁን ይዘጋዋል። ማስጠንቀቂያው የአንድ በስም የተመደበ ሰው ሥራ መሆን አለበት፤ ያ ሰው እስኪያስተካክልና ንባቡ እስኪመሰክርለት ድረስ መዘጋት የለበትም። የኛ ቅሬታ «ተፈትቷል» ተብሎ ሲዘጋ ግራፉን የተመለከተ ሰው ቢኖር ኖሮ ቤቱ አለመስተካከሉን ያየው ነበር።

ቴክኒሽያኗ ሳጥኗን ከቱቦው አርቃ በሌላኛው ጥግ ሰካቻት። በማግስቱ ሳሎኑ 20 ተኩል ደረሰ፤ እናቴ አንዱን ሹራብ አወለቀች። እስከ ፋሲካ ቆይታ ሄደች። ስትሄድ አዲስ አበባ ስላሉት መስታወት የለበሱ ፎቆች ጠይቃኝ ነበር፤ «እነሱም እንዲህ ያለ ሳጥን አላቸው?» ብላ። አየር ማቀዝቀዣ የተገጠመለት ሕንጻ የሚያስገነባ ሁሉ ይህን ጥያቄ ለተቋራጩ ቢያቀርብልኝ ደስ ይለኛል፤ ማን ያነበዋል፣ ማን ይነሣል የሚለውንም ጨምሮ ውሉ ውስጥ ቢያስገባው።

ስቶክሆልም ላላችሁ ወገኖቼ ግን ልመናዬ ሌላ ነው። ይሉኝታ ይዟችሁ፣ አከራዩን ላለማስቸገር፣ ስዊድንኛዬ አይበቃም ብላችሁ ጋቢ ደርባችሁ አትቀመጡ። ርካሽ ቴርሞሜትር ግዙና ከመስኮቱና ከኤለመንቱ ራቅ አድርጋችሁ መሀል ቤት አስቀምጡት። ዲግሪውን ከነሰዓቱ ጻፉ፤ የሌሊቱንም አትርሱ፤ ምጣድ ያልተጣደበትን፣ እንግዳ የሌለበትን ቀን ለዩ። ቅሬታችሁን በጽሑፍ አድርጉት። ከ18 በታች ሆኖ አከራያችሁ ካልሰማ የከተማው የአካባቢና ጤና ጥበቃ ክፍል አቤቱታ ይቀበላል። ቤታችሁ እናት ወይም አባት ካለ «በረደኝ» እስኪሉ አትጠብቁ፤ እጃቸውን ዳስሱ። ቤቱ ከመጠን በላይ ሞቆ መስኮት ከፍታችሁ የምታድሩ ከሆነም ያንንም ደውላችሁ ተናገሩ።